ጓደኛው አይደለሁም

ሲድኒ ዳር፣ ሚንቶ ሰፈር ባለው የፊጂዎች ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰማያዊው የባንክ ካርድ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘማሪዎቹ አላቸው፣ የራግቢ ቡድኑ ተሰላፊዎችም ተቀያሪዎችም አላቸው፣ መባ የሚሰበስቡት ሽማግሌ እንኳ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የካርዱን ቁጥር ሲያነቡ አይቻለሁ። ሁሉም ያወጡት በአንድ ሰው ጋባዥነት ነው፤ በኪቲዮኔ።

ነገሩ ቀላል ነው። ባንኩ ደንበኛውን «ጓደኛህን ጋብዝ» ይለዋል። ጓደኛው በስልክ የተላከለትን ግብዣ ከፍቶ ካርድ ካወጣ ለጋባዡ ነጥብ ይታሰብለታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። ሌላው የሲድኒ ሰው ወንድሙንና የሥራ ባልደረባውን ጋብዞ ይበቃዋል። እኛ ፊጂዎች ግን ኬሬኬሬ የሚባል ነገር አለን። ዘመድ ወይም ወዳጅ «ኬሬኬሬ» ብሎ ከለመነህ እምቢ አይባልም። እምቢ ያለ ሰው ስሙ ቋጣሪ ሆኖ ይቀራል። ባንኩ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ እኛን ከግብዣው ውጪ ያደርገን ነበር።

ኪቲዮኔ ከፊጂ መጥቶ ወይን ሲለቅም ከርሞ ነው ሲድኒ የገባው። በቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ቅዳሜ ለቡድናችን በክንፍ በኩል ይሮጣል። መጀመሪያ ያነጋገረኝ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራውን ዓሣ ለሰልፈኛው እያወጣሁ ሳለ ነው። በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ስልክ ይዟል።

«እህቴ፣ ኬሬኬሬ» አለኝ።

«ዓሣ ነው ካሳቫ?»

«ስልክ ቁጥር።»

ከኋላው የተሰለፉትን ሴቶች ሳል ያዛቸው።

«ስልክ ቁጥር ለምን?»

«ካርድ ልጋብዝሽ ነዋ። ሁሉም አውጥቷል እኮ። ስምሽን ታስገቢያለሽ፣ በቃ።»

«አልፈልግም።»

ያልሰማ ይመስል ፈገግታውን እንደያዘ ቆመ። «ኬሬኬሬ ነው እኮ ያልኩሽ።»

«ሰማሁ። እምቢ ነው ያልኩህ።»

የሴቶቹ ሳል ጸጥ አለ። ኪቲዮኔ ስልኩን ወደ ኪሱ ከትቶ ደህና አድርጎ አየኝ። ሰውን ሲያይ ዓይኑን አይሰብርም፤ እኔም አልሰበርኩም።

«አባትሽ ከየት መንደር ናቸው?»

የመንደራችንን ስም ነገርኩት። ፊቱ በራ።

«በይ ጉድ ፈላብሽ! ታውቩ ነን!»

የሁለት መንደር ሰዎች በድሮ አባቶች በኩል ታውቩ ከሆኑ እርስ በርስ መሰዳደብ ይፈቀድላቸዋል። መፈቀዱ ብቻ አይደለም፣ ይጠበቅባቸዋል። ታውቩህ ሰድቦህ ብትቀየም መሳቂያ የምትሆነው አንተ ነህ።

«ታዲያ አንቺ ቋጣሪ፣ ዓሣውንም በጭልፋ ጫፍ ነው የምትሰጪው?»

«የናንተ መንደር ሰው አፉ ሰፊ ስለሆነ ነው ጭልፋው ያነሰብህ። እለፍ፣ ሰው ቆሟል።»

እየሳቀ አለፈ። ለአባቴ ያስቀመጥኩትን የዓሣ ጭንቅላት ሳህኑ ላይ እንዳደረግኩለት የገባኝ አባቴ መጥቶ ድስቱን ሲፈትሽ ነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፣ በመጣ ቁጥር እምቢ እላለሁ። ሌላው ሰው ካርዱን ካወጣ በኋላ ኪቲዮኔን ባየው ጊዜ «ደግሞ አሁን ምን ሊለምነኝ ነው» እያለ መንገድ ይቀይራል። እኔን ግን ፈልጎ ያገኘኛል። እኔም እንዲያገኘኝ የምቆምበትን ቦታ አውቃለሁ።

የመዝሙር ልምምድ ስንጨርስ በአሮጌ መኪናው ቤቴ ያደርሰኝ ጀመር። አቋራጩን እያወቀ ዙሪያውን ይነዳል፤ እኔም አቋራጩን እያወቅኩ ዝም እላለሁ። አንድ ምሽት ከቤታችን በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ስለ እናቱ ነገረኝ። ባሏ ባሕር ላይ ቀርቶባት እሱን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ነጥቡን የሚሰበስበው እሷን ወደ ሲድኒ ለማምጣት ነው።

«ደመወዝህስ?»

«ደመወዜ እዚያ የቤቷ ጣሪያ ሆነ። አውሎ ነፋሱ ወስዶት ነበር።»

 እጁ ማርሹ ላይ ነበር፣ የኔ እጅ አጠገቡ።

«ባንኩ ጓደኛ ሲል ምን ማለቱ ነው?» አልኩት።

«ስልክ ቁጥሩ ያለህ ሰው ማለቱ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቁጥርሽንም የነፈግሽኝ ነሽ።»

ስልኩን ከእጁ ወስጄ ቁጥሬን ጻፍኩለት። «ለካርድ አይደለም» አልኩት። «ያንን ግብዣህን ብትልክብኝ ሁለተኛ አታየኝም።»

አልላከም። በየማለዳው «ደህና አደርሽ ቋጣሪዋ» ይለኛል፣ እኔም «አፈ ሰፊው» ብዬ እመልሳለሁ። ወደድኩት። ይህን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገኝም፤ በጣም ወደድኩት።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ የአባቴ እህት ኔይ ማኬሬታ ናቸው። ኔይ በኛ አገር አክስት ማለት ነው፤ በኛ ቤት ደግሞ መንግሥት ማለት ነው። ኪቲዮኔ ካርዱን ሲያመጣ ከሁሉም ቀድመው ያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ በሩን የሚያህል ማቀዝቀዣም ገዙበት። በኋላ ዓመታዊ ክፍያ ሲቆረጥባቸው ግን ልጁ ሌባ ሆነ። ክፍያ እንዳለው ሲነግራቸው አጠገባቸው ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ እሳቸው ያኔ የማቀዝቀዣ ሥዕል እያዩ ነበር።

«ያ ነጥብ ለቃሚ በመኪናው ያመጣሻል አሉ» አሉኝ አንድ ቀን።

«አሉ ነው ወይስ በመስኮት አዩን?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ለሳሚሶኒ ነው እኮ ያሰብኩሽ። የፓስተሩ ወንድም ልጅ፣ ቢሮ ያለው፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ።»

«ሸሚዙን ያግቡት።»

ኔይ ማኬሬታ አልተቆጡም። ሲቆጡ ይሻላል። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ ልጄ። ይሄ ልጅ ሰውን የሚያየው በቁጥር ነው። ሁላችንንም ቆጥሮ ጨርሷል። ያልተቆጠርሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው የሚከተልሽ። እሺ ባልሽው ማግስት ፊቱን ያዞርብሻል።»

ውሸት ነው አልኳቸው። ውሸት መሆኑንም አውቅ ነበር። ንግግሩ ግን ልቤ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

የመባ ቀን ደረሰ። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያናችን በር እስኪጨናነቅ ይሞላል፤ የየቤተሰቡ ስም በማይክሮፎን ይጠራል፣ ስጦታው ይታወጃል፣ ይጨበጨባል። የባንኩ ግብዣ ቀነ ገደብም በዚያው ዕለት የሚያበቃ ሆነ። ለኪቲዮኔ እናት ትኬት የሚጎድለው አንድ ጓደኛ ብቻ ነበር። ይህን የሰማው የመዘምራን መሪ ማይክሮፎኑን ጨበጠ።

«ወገኖች! አንዲት እናት ባሕር ማዶ ልጇን ትጠብቃለች! አንድ ሰው ነው የቀረው! ሰማያዊ ካርድ የሌለው ማነው?»

ያ ሁሉ ራስ ወደኔ ዞረ።

«ኡናይሲ!» አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም ተቀበለው፤ «ኡናይሲ! ኡናይሲ!» ሕፃናቱ ጨዋታ መስሏቸው ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ።

ኪቲዮኔ በሰው መሐል አልፎ መጣ። እንደ ሌላው ቀን አልሳቀም፣ ኬሬኬሬም አላለም።

«ይሄን እኔ አላሰብኩትም» አለኝ በቀስታ። «ግን ዛሬ ቀልድ አይደለም። እሺ በዪኝ።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። ስክሪኑ ላይ «ጓደኛዎ ኪቲዮኔ ጋብዞዎታል» ይላል፤ ከሥሩ የስም ቦታ ባዶ ነው። የኔይ ማኬሬታ ንግግር መጣብኝ። እሳቸውም ከፊት ወንበር ሆነው ያዩኛል። ሕዝቡ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ አድርጊ ሲለኝ እግሬ መሬት ይይዛል።

«ስሜን አላስገባም» አልኩ።

ማጉረምረም ተነሣ። የመዘምራኑ መሪ ማይክሮፎኑን ወደኔ አስጠጋ። «ለጓደኛሽ እኮ ነው ልጄ!»

«ጓደኛው አይደለሁም!» ድምፄ በአራቱም ማዕዘን ጮኸ። «እዚህ ያላችሁት ሁላችሁ ጓደኞቹ ናችሁ። እኔ አይደለሁም፤ መሆንም አልፈልግም!»

ለኔ ትርጉሙ ፀሐይ የሞቀው ነበር። ከነሱ እንደ አንዷ አትቁጠረኝ፣ እኔን ለብቻዬ ያዘኝ ማለቴ ነው። ይህን የተናገርኩት ግን መባ በሚታወጅበት ማይክሮፎን ነው፤ የወጣው ስድብ ሆኖ ነው።

ጠበቅኩ። ታውቩ ሲሰደብ ይመልሳል። «ድሮስ ማን ጠየቀሽ፣ አንቺ ደረቅ ካሳቫ» ይለኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ ነገሩ ያልፋል። ኪቲዮኔ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። «አስቸገርኩዎት።»

አንቱ አለኝ። ለፓስተር ሚስት፣ ለማያውቃት ሴት እንደሚባለው። ከዚያ የከፋ ስድብ በየትኛውም ቋንቋ አልሰማሁም።

በቀጣዩ እሑድ ሳህኑን ዘርግቶ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህት» ብሎ አለፈ። የማለዳው መልእክትም ቆመ። ሰው ቋጣሪ አለኝ፣ ልበ ድንጋይ አለኝ፣ የአንዲት እናትን መንገድ የዘጋች አለኝ። በካርዱ አላፈርኩም፤ ዛሬም አላፍርም። ያቃጠለኝ ያ አንቱታ ነው።

ኔይ ማኬሬታ ጊዜ አላባከኑም። የሳሚሶኒ ቤተሰቦች ቅዳሜ ታምቡዋ ይዘው እንዲመጡ አደረጉ። ታምቡዋ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ ሽማግሌ ይዞት ይመጣል፣ ይናገራል፣ የልጅቷ አባት በእጁ ተቀብሎ ካጨበጨበ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ወደኋላ ማለት ሁለት ቤተሰብ ማዋረድ ነው።

«አባዬ፣ ትቀበላለህ?» አልኩት። አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል ቤት ውስጥ ጩኸት አይወድም።

«ማኬሬታ ቃል ሰጥታለች። ታምቡዋ ይዞ የመጣ ሰው ከበር አይመለስም።»

«እኔስ?»

የዩኒፎርሙን ቁልፎች እየፈታ ወደ ጓዳ ገባ።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ራግቢ ሜዳው ሄድኩ። ልምምዱ አልቆ ኪቲዮኔ ኳሶቹን ወደ ከረጢት ይከታል።

«ለምንድነው አንቱ የምትለኝ?» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

«ለማያውቁት ሰው አክብሮት ነው።»

«አትቀልድብኝ!»

«እየቀለድኩ አይደለም። መቀለድ የሚቻለው ከታውቩ ጋር ነው።»

ኳሱን ከእጁ መንጭቄ ወረወርኩት። ተንከባሎ ከአጥሩ ሥር ቆመ። እሱም ኳሱን አየ፣ እኔንም አየ።

«ስማኝ፣ አንተ ደንቆሮ! ባንኩ ጓደኛ ለሚለው ሁሉ ነጥብ ይሰጥሃል። በኔ ግን ማንም ነጥብ እንዲሰጥህ አልፈልግም። መቶ ጓደኛ አለህ፤ መቶ አንደኛ መሆን ያንሰኛል። ጓደኛህ አይደለሁም ያልኩት ለዚህ ነው። ገባህ? ጓደኛ አይበቃኝም!»

  ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያን ዕለት እምቢ ካልሽኝ በኋላ ሌላ ሰው አግኝቼ ነበር» አለ። «የመጋዘን አለቃዬ። ላክልኝ፣ አሁኑኑ ላውጣው አለኝ። አልላክሁለትም።»

«ለእናትህ ሆኖ? ለምን?»

«ማንን ላሳያት?» አለኝ። «ስንት ወር ሙሉ በስልክ የማወራላት ስላንቺ ነው። ነጥቡ ይድረስ እንጂ መጥተሽ ታያታለሽ እላት ነበር። አንቺ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት... ብትመጣ ማንን ላሳያት?»

አለቀስኩ። እሱም ቀረበኝ እንጂ አልነካኝም፤ የቡድኑ ልጆች ከመኪና ማቆሚያው ያዩናል።

«ነገ ጥርስ ሊያመጡልሽ ነው አሉ» አለኝ።

«ናና ቅደማቸው።»

«ከማን ጋር? ሽማግሌ የለኝ፣ ታምቡዋ የለኝ፣ እናቴ እዚያ። ባዶ እጄን አባትሽ ምንጣፍ ላይ ልቀመጥ?»

«ባዶ እጅህን ና» አልኩት።

ቅዳሜ የሳሚሶኒ ዘመዶች በሰዓታቸው መጡ። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ በትልቁ የእንጨት ገበታ ተበጠበጠ፣ ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሳሚሶኒ ከአጎቱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እውነትም ሸሚዙ አልተጨማደደም። እኔን ኔይ ማኬሬታ ወጥ ቤት ውስጥ በክንዴ ይዘውኛል።

የሳሚሶኒ አጎት ታምቡዋውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ንግግር ሲጀምሩ በሩ ተከፈተ። ኪቲዮኔ ነው። ወገቡ ላይ ጥቁር ሽርጥ ታጥቋል፣ ሸሚዙን ተኩሷል፣ እጁ ባዶ ነው። ከሁሉ በታች፣ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ንግግሩ ተቋረጠ።

«ልጄ፣ ማን ልኮህ ነው?» አለው አባቴ።

«ማንም አልላከኝም።»

«ማን ይናገርልሃል?»

 በባሕላችን ሰው ለራሱ ሚስት አይጠይቅም፤ አፍ የሚሆንለት ሽማግሌ ከሌለው ተነሥቶ መሄድ ነው ያለበት። የሳሚሶኒ አጎት ጉሮሯቸውን ጠርገው ታምቡዋውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

ክንዴን ከኔይ ማኬሬታ እጅ መንጭቄ ወጣሁ። በተቀመጡ ወንዶች ፊት ሴት ቆማ አትሄድም፤ እኔ ቆሜ ሄድኩ። ምንጣፉን መሐል ለመሐል አቋርጬ ኪቲዮኔ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«የሱ ሽማግሌ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ኡናይሲ!» አሉ ኔይ ማኬሬታ ከወጥ ቤቱ በር። «ሰው ምን ይለናል?»

«ሴት ራሷን ትጠይቃለች እንዴ?» አሉ የሳሚሶኒ አጎት።

«እስከ ዛሬ አልጠየቀች ይሆናል፣ አባቴ።»

እንደ ሽማግሌዎቹ መዳፎቼን ጎድጎድ አድርጌ አጨበጨብኩ። 

«አባዬ፣ ባሕር ማዶ ያለች አንዲት እናት ልካኝ ነው የመጣሁት። መላኳን ግን ገና አታውቅም። ልጇ ፎርክሊፍት ነጂ ነው። ታምቡዋ አልያዝንም፤ የምንደብቀውም ነገር የለም። ልጅህን ስጠን ብለን ነው የመጣነው።»

አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። የከንፈሩ ዳር ተንቀሳቀሰ።

«ልጅቷስ ምን ትላለች?»

«ጠይቄያታለሁ» አልኩት። «እሺ ብላለች።»

ከጎኔ ኪቲዮኔ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

 ቀድሞ የተናገረው ያልጠበቅኩት ሰው ነው። ሳሚሶኒ ወደ አጎቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ «አጎቴ፣ ጥርሱን ወደ ቤት እንመልሰው» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ኔይ ማኬሬታ ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ በየመሐሉ ግን በጨርቁ ጎን ያጮልቃሉ።

«ከእናት ተላክን ብላችኋል» አለ አባቴ። «እናቲቱን ሳልሰማ ቃል አልሰጥም። ደውሉ።»

ኪቲዮኔ ደውሎ ስልኩን ምንጣፉ መሐል አስቀመጠው። ነፋስ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል። አባቴ ማንነቱንና የሆነውን በወጉ ነገራት፤ ሽማግሌው ማን እንደሆነ ብቻ ዘለለው። ከወዲያ በኩል ቃል ጠፋ።

«መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» አሉ የሳሚሶኒ አጎት፤ እሳቸውም ነገሩ ይዟቸዋል።

«አልተቋረጠም» አለች የሴት ድምፅ። «ለልጄ የተናገሩለትን ሽማግሌ ያገናኙኝ።»

ስልኩን አንሥቼ ወደ አፌ አስጠጋሁ። «አቤት፣ እናቴ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ፣ ልጄ ሰው የለውም ብዬ ነበር። ድምፅዎ ግን ቀጠነብኝ፤ ታመው ነው?»

«አላመመኝም። ልጅቷ ነኝ።»

 ቀጥሎ ሳቅ መጣ፤ የእናትየው ሳቅ እየጨመረ ሄዶ ኪቲዮኔ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አንቺው ነሽ!» አለች። «በይ ታዲያ ከኔ ጋር ምን ታወሪያለሽ? አባትሽ መልስ አልሰጡም እኮ።»

ስልኩን ምንጣፉ ላይ መልሼ ቀና አልኩ። አባቴ መዳፎቹን ገልብጦ ያያቸው ነበር። ኔይ ማኬሬታ «ወንድሜ፣ እንዳታደርገው» አሉት።

አባቴ አጨበጨበ።